ዋስ፣ ጸሐፊና ጠበቃ
በጎንደር ቤትና ርስት የገዛ ሰው በማን ይተማመን ነበር?

በሎንዶን ከተማ በብሪቲሽ ላይብረሪ ከሚጠበቁት የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ከጎንደር አድባራት የሄዱት ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህን መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሰው ዐይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በሐረጋቸውና በሥዕላቸው ላይ ነው። ለሕግ ባለሙያ ግን ከሐረጉ ይልቅ ኅዳጉ ይበልጥበታል። በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ በተተዉት ባዶ ቅጠሎች፣ አንዳንድ ጊዜም በዐምዶቹ መካከልና በግርጌ፣ ከዋናው ጽሕፈት በደቀቀ ፊደል፣ እገሌ ከእገሊት ይህን ምድር በዚህን ያህል ወቄት ወርቅ ገዛ፣ ዋሱ እገሌ ነው፣ እማኞቹም እነ እገሌ ናቸው የሚሉ ማስታወሻዎች ሰፍረዋል። እነዚህ ማስታወሻዎች ለነገሥታት ታሪክ ጸሐፊ ትንንሽ ነገሮች መስለው ሊታዩት ይችላሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ያለ የሌለ ወርቁን አውጥቶ መሬት ሲገዛ የሚያድርበትን ሥጋት፣ ያንንም ሥጋት ለማስታገሥ ማኅበረሰቡ ያበጀውን ዘዴ እንደ እነርሱ አጉልቶ የሚያሳይ ሰነድ በአገራችን በቀላሉ አይገኝም።

ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ዛሬ ወደ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ሲመጣ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ለማንኛውም የማኅበሩ አባል እንግዳ አይደሉም። ሻጩ በእርግጥ ባለቤት ነውን? ነገ ሚስት ነኝ፣ ወንድም ነኝ፣ ባለገንዘብ ነኝ የሚል ይመጣልን? ውሉን ማን ይጻፈው? ለሻጩ የጻፈው ሰው ለገዢውም ቢጽፍ ምን ክፋት አለው? ነገሩ ቢበላሽ የሚጠየቀው ማን ነው? የአገልግሎቱስ ዋጋ ስንት ነው? ከመጨረሻው ጥያቄ በቀር ሁሉም የጎንደር ሰው በ18ኛው መቶ ዘመን ያነሣቸው የነበሩ ናቸው ለማለት ይቻላል። ልዩነቱ የጎንደሩ ገዢ መልሱን የሚፈልገው ከጠበቃ አለመሆኑ ነው።

በኅዳግ የሰፈረ ውል

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማይቱ በአድባራት ዙሪያ እየሰፋች ሄደች። ታላቁ ዐፄ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ እቴጌ ምንትዋብም ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲተክሉ፣ ለካህናቱና ለአገልጋዮቹ መተዳደሪያ የሚሆን መሬት አብረው ሰጥተዋል። ለአገልግሎት የተሰጠው ይህ መሬት ሪም ይባላል። ሪም እንደ ዘር ርስት ከዘመድ ጉባኤ ጋር የተቆራኘ ስላልነበረ፣ አገልግሎቱን የሚወጣ ሰው እስከተገኘ ድረስ ሊሸጥና ሊለወጥ ይችል ነበር። ገዢው ራሱ ካህን ባይሆን እንኳ በስሙ የሚቀድስ ወይም የሚያስተምር ሰው ያቆማል። ስለዚህ በጎንደር ዙሪያ፣ በዘመኑ ከነበሩት ከብዙዎቹ የአገሪቱ ክፍሎች በተለየ ሁኔታ፣ ሕያው የመሬት ገበያ ተፈጠረ። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ምሁር በዚህ የሽያጭ ጽሑፍ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ስለ ኢትዮጵያ የክርስቲያን መንግሥት መሬትና ማኅበረሰብ በሚተርከው መጽሐፋቸውም ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል።

የውሎቹ አጻጻፍ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። መግቢያው አንዳንድ ጊዜ የግእዝ ቃላት ይኖሩታል፤ የውሉ ፍሬ ነገር ግን የሚጻፈው በአማርኛ ነው። ይህም በራሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ዜና መዋዕሉ በግእዝ በሚጻፍበት ዘመን ሽያጩ በአማርኛ የተጻፈው፣ ተዋዋዮቹና እማኞቹ ሲነበብላቸው ሊረዱት ስለሚገባ መሆን አለበት። ዘመኑ በንጉሡ፣ በደብሩ አለቃ ወይም በወንጌላዊው ስም ይታወቃል። ሻጭና ገዢ በስማቸው ይጠራሉ፤ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ እየቆየም በማርትሬዛ ብር ይነገራል። መሬቱ በልክ አይገለጽም፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቀድሞ በያዘው ሰው ስም ነው። የመሬቱን ስፋት የሚያውቀው ጎረቤቱ እንጂ ብራናው አልነበረም ማለት ነው።

ሴቶች በእነዚህ ውሎች ውስጥ ሻጭም ገዢም ሆነው መታየታቸው ብዙ ተመራማሪዎችን አስደንቋል። ሴት በራስዋ ስም መሬት ስትገዛ፣ ስትሸጥ፣ ስታወርስ ይታያል። ዛሬ በቤት ሽያጭ ክርክር ውስጥ ዘወትር የሚነሣው የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ጉዳይ ሥሩ ሩቅ መሆኑን ይህ ያስገነዝባል፤ ሚስት ያልተስማማችበት ሽያጭ ዐዲስ የቤተሰብ ሕግ የፈጠረው ጣጣ ብቻ አይደለም።

መዝገቡ ለምን በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ተጻፈ? ወንጌል አይጠፋም፤ አይሰረዝም፤ በሐሰት ሊጽፍበት የሚደፍርም ያንሳል። መጽሐፉ የሚቀመጠው በዕቃ ቤት በገበዙ ጥበቃ ሥር ነው። በዚያ ላይ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የሚጣለው ግዝት ውሉን ላፍርስ ለሚል ሰው ከዳኛ ቅጣት ያላነሰ አስፈሪ ነበር። በአገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ጎንደሬዎቹ አባባሉን በተግባር የፈጸሙት በገዛ እጃቸው በያዙት ወረቀት ሳይሆን፣ ሻጭም ገዢም ብቻውን ሊደርስበት በማይችል መዝገብ ነው።

ሆኖም ገበያው ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኖ ነበር። የእስላሞቹ መንደር በቀሐ ወንዝ ዳር ተቆረቆረ። የከተማይቱን ንግድ በእጃቸው የያዙት ነጋዴዎች፣ ግንቡንም በማነጽ ስማቸው የሚነሣው ጠቢባን፣ ርስት ከመያዝ በአብዛኛው የተከለከሉ ነበሩ። የኅዳጉን ጽሑፍ የሚያደንቅ ሁሉ በዚያ ስማቸው የማይገኘውን ሰዎችም ማስታወስ ይኖርበታል።

ዋሱ ማን ነበር?

ገዢውን ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈራው ነገር በአንድ አጭር ተረት ይነገራል፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባላል። አባባሉ ለባለርስት ተስፋ ነው፤ ለገዢ ግን የሌሊት ቅዠት ነው። ዛሬ የገዛው መሬት ከሃያ ዓመት በኋላ የሻጩ የወንድም ልጅ መጥቶ ያባቴ ድርሻ ነው ቢለው ምን ይመልሳል?

መልሱ ዋሱ ነበር። በጎንደር ውሎች ውስጥ ከሻጭና ከገዢ ቀጥሎ ዋናውን ቦታ የሚይዘው እርሱ ነው። ዋሱ ውሉን አይጽፍም፤ ምክርም አይሸጥም። ሻጩ የሸጠው የራሱን መሆኑን፣ ሌላ ተከራካሪ ቢነሣም በገዢው ፋንታ ቆሞ እንደሚመልስ በገዛ ስሙና በገዛ ሀብቱ ይገባል። ስለዚህ ዋስ ለመሆን የሚበቃው ማንም መንገደኛ አይደለም። ሀብት ያለው፣ ከአካባቢው የማይነቀል፣ ዳኛ ሲጠራው የማይሰወር፣ የሻጩንም ቤተሰብ ታሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ነገሩን ሳይመረምር ዋስ አይሆንም። ዛሬ ጠበቃ ከማዘጋጃ ቤት ማኅደር የሚያጣራውን ሁሉ፣ ማለትም የሻጩን መብት፣ የወራሾቹን ብዛት፣ በመሬቱ ላይ ያለውን ዕዳ፣ ዋሱ የሚያጣራው ለራሱ ሲል ነው፤ ቢሳሳት የሚከፍለው እርሱ ነውና።

ገዢው ዋሱን እንዴት ይመርጥ ነበር? ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ ደንብ ባይኖርም፣ ከውሎቹ ባሕርይ የሚገመት ነገር አለ። ዋሱን የሚያቀርበው ሻጩ ነው፤ የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው ግን ገዢው ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ትርጉም አለው። ገዢው ሻጩን ለመመዘን የሚችልበት ሌላ መንገድ ባይኖረው እንኳ፣ ለሻጩ ማን ዋስ ሊሆንለት እንደ ፈቀደ በማየት ብቻ ስለ ሻጩ ብዙ ያውቃል። የታወቀ ዋስ ያጣ ሻጭ፣ መሬቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ጎረቤቶቹ ያልመሰከሩለት ሰው ነው።

እማኞቹም ቢሆኑ ለይስሙላ የተሰበሰቡ አልነበሩም። የደብሩ አለቃ፣ ገበዙ፣ የመሬቱ ጎረቤቶች፣ በሽያጩ ሊከፉ የሚችሉት የሥጋ ዘመዶች ጭምር በሽያጩ ቦታ እንዲገኙ ይፈለግ ነበር። ዘመድን እማኝ ማድረግ ብልኀት ነው። ሲሸጥ ቆሞ የሰማና ያልተቃወመ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ አላወቅሁም ለማለት አፉ አይደፍርለትም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ሽያጭ፣ ስለ ዋስትናና ስለ ውክልና የሚናገሩ አንቀጾች ቢኖሩትም፣ ይህን የመሰለው ስልት በአብዛኛው ከአገሬው ልማድ የፈለቀ ነው።

ጸሐፊውስ? ውሉን የሚጽፈው ከደብሩ ደብተራዎች አንዱ ነበር። እርሱ የገዢም የሻጭም ወገን አይደለም፤ የደብሩ ሰው ነው። ለሁለቱም አንድ ሰው ቢጽፍላቸው ጉዳት ያልነበረው በዚህ ምክንያት ይመስላል። የገዢውን ጥቅም የሚጠብቅለት ዋሱ ነው፤ ጸሐፊው የሚጠብቀው የቃሉን እውነተኛነት ብቻ ነው። ጠበቃ የሚባለውም ሰው በዚያ ዘመን የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን ቦታው ችሎት ነው። በተጠየቅ ልበልሃ ተሟግቶ ይረታል ወይም ይረታበታል፤ ሰው መሬት ሊገዛ ሲያስብ ምክር ፍለጋ ወደ እርሱ አይሄድም። ጠበቃ የሚፈለገው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ መሆኑ ከዚያ የወረስነው ልማድ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

መዝገቡ ሲቃጠል

ይህ ሥርዐት አንድ ደካማ ጎን ነበረው። መጽሐፉ ሲጠፋ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጨረሻዎቹ የግዛት ዓመታቸው ጎንደርን ሁለት ጊዜ አስዘረፉ፤ በ1859 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። መጻሕፍቱንም በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አጋዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝ፣ ከሠራዊቱ ጋር የዘመተው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምዝ ከብራናዎቹ መርጦ ሰበሰበ፤ ከእነርሱም 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን ሄዱ። የተዘረፈው ቅርስ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው ዘውዱ፣ ጽዋውና ታቦቱ ነው። ከዚያ ጋር ግን የጎንደር ሰዎች የመሬት ማስረጃ አብሮ መሄዱ ብዙም አይነገርም። የአያቱን ሪም ዋስና እማኝ ጠርቶ ሊያስረዳ የሚችል ሰው፣ ዋሱ ሲሞትና ብራናው ባሕር ሲሻገር በእጁ የቀረው የራሱ ቃል ብቻ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው ከቴዎድሮስ የተረፉትን አድባራት አቃጠሉ። ከእሳቱ ያመለጠው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ በጠፉት ላይ ስንት ውል ተጽፎ እንደ ነበረ ግን የሚያውቅ የለም።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለአዲስ አበባ ያወጡት የመሬት ድንጋጌ የከተማ ቦታ እንዲሸጥና እንዲለወጥ ፈቅዶ፣ የመዝጋቢነቱን ሥራ ከካህናት ወደ መንግሥት እጅ አሻገረው። ጎንደር ግን ከዚህ ለውጥ ርቃ ቆየች። ጣልያን ፒያሳውንና የመንግሥት ሕንጻዎቹን ሠርቶ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድል ሆኖ ከተማይቱን ሲለቅ፣ በገጠሩ ያለው የርስት ሥርዐት እንደ ነበረ ነበር። የቤጌምድርና የሰሜን ገበሬ እንደ ጎጃም ወንድሙ መሬቱን ለመለካት የመጣን ሁሉ በጥርጣሬ ያይ ነበር፤ ለመሬቱ ልክና ካርታ ሳይኖረው እስከ 1967 ዓ.ም. ደረሰ።

ያልተከፈተው መዝገብ

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ገዢን ሥጋት በዐዲስ መሣሪያ ለማስወገድ ያሰበ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በእርሳቸው አገር ቤት የሚገዛ ሰው ወደ ኖቴር ይሄዳል። ኖቴር እ.ኤ.አ. በ1803 በወጣው ሕግ መሠረት የመንግሥት ሥልጣን የተሰጠው ውል አዋዋይ ነው፤ ለሻጭና ለገዢ ሳያዳላ ያዋውላል፣ መዝገቡን ይመረምራል፣ ሰነዱንም ይጠብቃል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሥራው የሶሊሲተሮች ነበር። በዚያ ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1804 በጠበቆች የሥራ ፈቃድ ላይ ግብር ሲጨምር፣ ለካሳው ያህል የቤትና የመሬት ማስተላለፊያ ሰነድ በክፍያ የማዘጋጀቱን ሥራ ለእነርሱ ብቻ ሰጣቸው። መብቱ በግብር የተገዛ መሆኑ ሳይረሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ሕግ ለሌሎች ባለሙያዎችም እስኪከፈት ድረስ ቆየ። በእንግሊዝ ሻጭና ገዢ በተለመደው አሠራር የየራሳቸውን ሶሊሲተር ይይዛሉ። ሶሊሲተሩም ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስሕተቱ መድን እንዲገባ ተገድዷል፤ የጎንደሩ ዋስ በገዛ ሀብቱ ይገባው የነበረውን ግዴታ በዚያ የመድን ኩባንያ ተሸክሞታል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ የተከተለው የፈረንሳዩን መንገድ ነው። በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ እንዲከናወን አዘዘ። ቁጥር 2877 ያልተጻፈ የቤት ሽያጭ ውጤት የለውም ይላል። በቁጥር 2878 መሠረት ደግሞ ሽያጩ ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተጻፈ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም። ከቁጥር 1553 ጀምሮ ስለዚሁ መዝገብ የተጻፉት አንቀጾች ዝርዝርና ጥንቁቅ ናቸው። ይሁን እንጂ ሕጉን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ቁጥር 3363ን ያገኛል። በዚያ መሠረት ስለ መዝገቡ የተደነገገው የሚጸናው ወደ ፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ነው፤ እስከዚያው ድረስ የአገሩ ልማድ ይሠራል። ትእዛዙ ሳይወጣ ዘመናት አለፉ። ለውል አዋዋዩም እንደ ፈረንሳይ ያለ ራሱን የቻለ ሙያ አልተመሠረተም። የገዢው ጠባቂዎች እንዲሆኑ የታሰቡት ሁለቱም፣ መዝገቡና አዋዋዩ፣ በወረቀት ላይ ቀሩ።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ስለ ዋሱ ነው። በዐዲሱ ሕግ ገዢው የገዛው እንዳይነጠቅበት ኃላፊ የሚሆነው ሻጩ ራሱ ነው፤ ከቁጥር 2281 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ይህን ያስረዳሉ። ሕጉ ዋስ መቀበልን አልከለከለም፤ ነገር ግን ለቤት ሽያጭ አስፈላጊ አላደረገውም። ከዚህም የተነሣ ዋሱ ቀስ በቀስ ከውሎች ጠፋ። ሻጩ ቤቱን ሸጦ፣ ገንዘቡን በልቶ፣ አገር ለቅቆ ቢሄድ ኃላፊነቱ የት ይገኛል? እማኞቹ በቁጥር 1727 መሠረት ሁለት ሆነው ቀሩ፤ እነርሱም ብዙ ጊዜ ከተዋዋዮቹ ጋር በዚያኑ ዕለት የተገናኙ ሰዎች ናቸው። የዘመድ የቀደምትነት መብት፣ ከቁጥር 1386 ጀምሮ እንደ ተደነገገው፣ በሕጉ ውስጥ ቦታ አግኝቶ ነበር። የዘመድን ተቃውሞ በእማኝነት ያስቀር የነበረው ሽማግሌያዊ ዘዴ ግን በሕጉ አልገባም።

በዚህ ባዶ ቦታ የገባው የራፖር ጸሐፊ ነው። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ በኋላም መኪናውን እያንኳኳ፣ ማመልከቻውንም የቤት ሽያጩንም የሚጽፈው እርሱ ነበር። በሙያው የሚናቅ ሰው አልነበረም፤ የሕግን ቋንቋ ወደ ሕዝብ ያደረሰ፣ የተገፋውን አቤት ያሰኘ ሰው ነው። ነገር ግን ለሻጭ ለገዢ ሳይለይ በገጽ ይከፈለዋል፤ የማዘጋጃ ቤቱን ማኅደር አያይም፤ ነገር ሲበላሽ አይጠየቅም። ከጎንደሩ ደብተራ ጋር ሲነጻጸር ብዕሩን ይዟል፤ ከጀርባው ግን ደብሩም ዋሱም የሉም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የተማሩ ጠበቆች ሲመጡም፣ ዐይናቸው ያረፈው በችሎቱ ላይ ነበር። የቤት ውል ማዘጋጀት ለትልቅ ጠበቃ አነስተኛ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ይህ አመለካከት ብዙ ቤተሰብ ዋጋ አስከፍሏል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የገዢው ጥያቄ መልኩን ለወጠ። ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከ100 ብር በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ዋሉ። ከዚያ ወዲህ የሚሸጠው በሕግ ዐይን ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና። ይሁንና በሰው ዘንድ የቤቱ ዋጋ ከጭቃውና ከእንጨቱ ይልቅ በቦታው እንደሚተመን ማንም ያውቃል። ገዢው እንግዲህ የሻጩን ባለቤትነት ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ፈቃድ፣ ቦታው በነባር ይዞታ ወይስ በሊዝ የተያዘ መሆኑን፣ የሊዙም ክፍያ አለመወዘፉን ማጣራት ይኖርበታል።

ውሉ ተጽፎ ሳይመዘገብ ቢቀርስ የሚለውን ክርክር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 መለሰው። ችሎቱ በቁጥር 1723 የተነገረው ሥርዐት ያልተፈጸመበት የቤት ሽያጭ ሕጋዊ ውል አይደለም ብሎ ወሰነ። የሰበር ችሎት ትርጓሜ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ በመሆኑ፣ የመንደር ውል ይዘው ለዓመታት በገዙት ቤት የኖሩ ሰዎች በድንገት ውላቸው ባዶ ወረቀት ሆኖ አገኙት። ቤቱ በዋጋ በተወደደ ጊዜ ሻጩ ራሱ ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ የሚከስበት በር ተከፈተ። ይኸው ችሎት በኋላ በሰጣቸው ውሳኔዎች፣ ሻጩ መሸጡን በማይክድበት ጊዜ መልሱ የተለየ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ነገሩ ግን ገዢውን ለማጽናናት የሚበቃ አልሆነም፤ ዕጣው በሻጩ መካድና አለመካድ ላይ ተንጠልጥሎአልና።

በመካነ ብርሃን ቤት የሚገዛ ሰው

በሰሜን ተራሮች ላይ የምትገኘው መካነ ብርሃን የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ ቤት የሚገዛ መምህር ወይም ነጋዴ ከጎንደሩና ከአዲስ አበባው ገዢ በአንድ ነገር ይሻላል፤ ሻጩን ያውቀዋል። የሻጩን አባት፣ ከማን ጋር እንደ ተጋባ፣ በየትኛው ክርክር እንደ ቆየ ጎረቤቱ ሁሉ ይነግረዋል። በሌላ ነገር ደግሞ ይጎዳል፤ ሰነድ መርምሮ የሚመክረው ጠበቃ ለማግኘት ምናልባት ወደ ደባርቅ፣ ምናልባትም እስከ ጎንደር መውረድ ይኖርበታል። ብዙው ሰው መንገዱን ቆጥሮ ይተወዋል። ሽማግሌ ይጠራል፤ ደላላው ያስማማል፤ ቀብድ ይከፈላል፤ ውሉ በሚያውቁት ጸሐፊ ይጻፋል።

ቀብዱ ራሱ ችግር ይወልዳል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ዕጥፉን ይከፍላል። ብዙ ገዢ ይህን የሚሰማው ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ነው። ማኅደሩን ሳያይ ቀብድ የከፈለ ሰው ደግሞ ከሻጩ ጋር ሊደራደር የሚችልበትን ጉልበት አስቀድሞ አስረክቧል። ጠበቃ የሚጠቅመው ከዚህ በፊት ነው፤ ከቀብድ በኋላ የመጣ ጠበቃ ሐኪም ሳይሆን አልቃሽ ይሆናል።

ጠበቃውስ ምን ያደርግለታል? በመጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫውን ዋና ቅጂ ከማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ጋር ያመሳክራል፤ በፎቶ ኮፒ አይረካም። ዕዳና እገዳ መኖሩን፣ ማለትም ባንክ በመያዣ እንዳልያዘው፣ ፍርድ ቤት እንዳላገደው ያረጋግጣል። የግብር ደረሰኞቹን ያያል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህ በቤተሰብ ሕጉ የታዘዘ ነው። ቤቱ በውርስ የመጣ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው የሁሉንም ወራሾች ስም መያዙን ይመረምራል። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ እንደ ሆነ ውክልናው ያልተሻረ መሆኑንና ወካዩ በሕይወት መኖሩን ያጣራል። የመጨረሻው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለዘመድ በሚልኩት ውክልና ቤት መሸጥ በበዛበት በዚህ ዘመን ግን ከሌሎቹ ሁሉ አያንስም።

ሻጭና ገዢ አንድ ጠበቃ ቢይዙ ወጪ ይቀንሳል የሚል ሐሳብ በትንንሽ ከተሞች የተለመደ ነው። የሁለቱ ጥቅም እስካልተጋጨ ድረስ ሥራው ይሄዳል። ችግሩ ጠበቃው በማኅደሩ ውስጥ እንከን ባገኘ ቀን ይመጣል። እንከኑን ለገዢው ቢነግር የሻጩን ምሥጢር አወጣ፤ ባይነግር ገዢውን አሳልፎ ሰጠ። የጎንደሩ ደብተራ ከዚህ ጣጣ ያመለጠው ምሥጢር የሚጠብቅለት ደንበኛ ስላልነበረው ነው። ጠበቃ ግን ወገን የያዘ ሰው ነው፤ ሙያውም በዚያ ላይ የቆመ ነው። በደላላው የተጠቆመ ጠበቃም እንዲሁ ሊመዘን ይገባዋል። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ ስለሆነ፣ ሽያጩን ሊያስቀር የሚችል ጠበቃ መጠቆም ጥቅሙ አይደለም።

ሰነዶችን የማረጋገጥ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 334/1995፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ተደራጅቶ፣ ተዋዋዮች ችሎታ ያላቸው መሆኑንና ሻጩ የማስተላለፍ መብት ያለው መሆኑን አረጋጋጩ ሹም እንዲያይ ተደርጓል። የከተማ ይዞታ ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 818 በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ የ1952ቱ ሕግ ያሰበውን መዝገብ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ለመክፈት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆችን በማኅበር አሰባስቧል። እነዚህ ሁሉ ቀላል ነገሮች አይደሉም። መዝገቡ ግን በትልልቆቹ ከተሞች ተጀምሮ ወደ ወረዳዎቹ የሚደርሰው በዝግታ ነው፤ የሹሙም ፊርማ የሚመሰክረው በዚያ ቀን በፊቱ ስለ ቀረቡት ወረቀቶች ነው።

ዛሬ በጎንደርም በደባርቅም የሚጻፈው የቤት ሽያጭ ውል ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አይበልጥም። የቤቱ አዋሳኝ በአራቱም ማዕዘን ይገለጻል፤ ዋጋው በአኀዝና በፊደል ይጻፋል። ሻጩ በቤቱ ላይ ተከራካሪ ቢነሣ ተከራክሬ አስለቅቃለሁ ብሎ ይፈርማል። ከእርሱ ፊርማ በታች ገዢው፣ ከገዢውም በታች ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ። የዋስ ስም የሚጻፍበት መስመር የለም፤ በብዙዎቹም ላይ ውሉን ያዘጋጀው ሰው ስሙ አይገኝም።